ኮርቻው ነው ወይስ እኔ? ስለ ብስክሌት ኮርቻ ከፍታና ማዘንበል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰፈር ውስጥ ቁልፍ ያለው ሰው እረፍት የለውም። ጋራዥ የለኝም፣ ሙያዬም አይደለም። ግን ባለ 13 ቁልፍ፣ መዶሻ፣ አንድ ጣሳ ግራሶና የኤል ቅርጽ ያላቸው ቁልፎች እቤቴ እንዳሉ ከታወቀ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ከበሬ ላይ ብስክሌት ጠፍቶ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬ ይሮጣል። የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው ሰው ጎማ ወይም ፍሬን ብሎ አይመጣም። የሚመጣው በኮርቻ ነው። «አሳመመኝ»፣ «ይወርድብኛል»፣ «አፍንጫው ቀና ይልብኛል»። መልሱን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ስለ ስም አንድ ነገር። ኮርቻ የምለው የምትቀመጡበትን ነው። ከሥሩ ያለውን ክብ ብረት የኮርቻ ቱቦ እለዋለሁ። ቱቦው የሚገባበት፣ ብስክሌቱ የቆመበት ዋናው ብረት ቴላዮ ነው። ቱቦውን አንቆ የሚይዘው ቀለበት ደግሞ ፋሸታ። እናንተ ሰፈር ሌላ ስም ካለው በዚያው ጥሩት።

«ኮርቻው ድንጋይ ነው። ለስላሳ ልግዛ?»

ገና አትግዙ። ሰው ሲያመው መጀመሪያ የሚወቅሰው ስፖንጁን ነው። ስፖንጅ ግን ሲበዛ ሌላ ጣጣ አለው። ስንቀመጥ ክብደታችንን መሸከም ያለባቸው የመቀመጫችን ሁለት አጥንቶች ናቸው። በጣም ለስላሳ ኮርቻ ላይ ሁለቱ አጥንቶች ይሰምጣሉ፣ መሃሉ ሽቅብ ይገፋል፣ የሚገፋው ደግሞ መገፋት የሌለበትን ቦታ ነው። ገበያ ደርሶ ለመመለስ ምንም አይልም። አንድ ሰዓት ከነዳችሁ ግን ይለያል።

እኔም ተሞኝቼበታለሁ። ጄል ያለው ወፍራም ኮርቻ ገዛሁና ወደ አንኮበር ወጣሁበት፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎረቤላ ሳልደርስ ከወገቤ በታች ደንዝዞ፣ እንደ ጀማሪ ፈረሰኛ እግሬን አንፈርጥጬ ቆሜ ነበር የምነዳው። ስመለስ የግንበኛ ውኃ ልክ ተውሼ ኮርቻው ላይ ጣልኩበት። አፍንጫው በደንብ ወደ ላይ ቀና ብሏል! ሲገጠም ጀምሮ እንደዚያው ነበር ማለት ነው፣ እኔ አላየሁትም። ከዚያ አሮጌውን፣ ጠንካራውን፣ የሰደብኩትን ኮርቻ መልሼ በውኃ ልክ አስተካክዬ ገጠምኩት። እስከ ዛሬ በሱ ነው የምሄደው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ከፍታ፣ ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያ ማዘንበል፣ በመጨረሻ ከፍታውን እንደገና ማየት። አንዱ ሲነካ ሌላው ስለሚናጋ ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካመማችሁ፣ ያኔ ኪሳችሁን ዳብሱ።

«ከፍታውን በምን ልለካው?»

በተረከዝ። ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

ግድግዳ ተደገፉና ኮርቻው ላይ ውጡ። ሁልጊዜ የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ፤ የኛ አገር ብርድ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ስለሚያስለምድ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፔዳሉን ወደ ታች አውርዱት፣ ፔዳሉን የያዘው ክንድ ከኮርቻው ቱቦ ጋር አንድ መስመር ላይ እስኪሆን። አሁን ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። እግራችሁ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ፣ ዳሌያችሁ ደግሞ ወደዚያ ጎን ካልተጎተተ፣ ልክ ነው። ጉልበታችሁ ከታጠፈ ዝቅ ብሏል። ተረከዛችሁ ፔዳሉን ለመንካት ከተንጠራራ ከፍ ብሏል። ስትነዱ የምትረግጡት በተረከዝ ሳይሆን በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስለሆነ፣ ያኔ ጉልበታችሁ በራሱ በትንሹ ይታጠፋል። የሚፈለገው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ መታጠፍ ነው።

ቁጥር የሚወድ ሰው ደግሞ አለ። ለሱ ይኸውና። በባዶ እግራችሁ ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ቁሙ። መጽሐፍ በጭናችሁ መሃል አስገቡና ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ እስኪመስላችሁ ወደ ላይ ግፉት። ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ በሜትር ለኩ። ያገኛችሁትን በ0.883 አባዙት። የሚመጣው፣ የፔዳሉ ክንድ ከሚዞርበት መሃል ተነስቶ ቱቦውን ተከትሎ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። 80 ሴንቲ ሜትር የለካ ሰው ኮርቻውን 70.6 ላይ ያደርጋል። ሁለቱን መንገድ ሞክሬያቸዋለሁ፣ እኔ ላይ የተለያዩት ከአንድ ሴንቲ ባነሰ ነው። ቁጥሩ መነሻ ነው፣ ሕግ አይደለም።

ከዚያ ንዱበት። ጓደኛ ከኋላ ይከተላችሁና ወገባችሁን ይይ። ዳሌያችሁ ግራ ቀኝ እንደ በቅሎ ጭነት ከተወዛወዘ ከፍ ብሏል፣ ዝቅ አድርጉ። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አትቀይሩ። ሰው ሦስት ሴንቲ ከፍ ያደርግና በማግሥቱ «ባሰብኝ» ይላል፤ ጡንቻም እኮ ይለምዳል።

«እግሬ መሬት ካልደረሰ እፈራለሁ»

ከሚመጡት ብስክሌቶች አብዛኛው ኮርቻው ቁልቁል የተቀበረው በዚህ ምክንያት ነው። ባጃጅ ድንገት ይታጠፍብኛል፣ የበግ መንጋ መንገድ ይቆርጥብኛል፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እግሬ መሬት ይንካ። ፍርሃቱ ገብቶኛል። ግን የብስክሌት ኮርቻ ወንበር አይደለም። ተቀምጣችሁ ሁለት እግራችሁን መሬት ላይ ማንጠፍ ከቻላችሁ፣ ስትነዱ ጉልበታችሁ ደረታችሁ አጠገብ ይደርሳል፤ ጉልበት ያልቃል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ትቆማላችሁ።

የሚቆመው እንዲህ ነው። ፍሬን ትይዛላችሁ፣ አንዱን እግር ታች ባለው ፔዳል ላይ ታደርጋላችሁ፣ ከኮርቻው ወደ ፊት ወርዳችሁ ሌላውን እግር መሬት ላይ። ስትነሱም እንደዚያው በግልባጩ። ባዶ ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ከተለማመዳችሁት ዕድሜ ልክ አይረሳም።

መንዳት ገና የሚማር ሰውና ትንሽ ልጅ ግን የተለዩ ናቸው። ለነሱ ዝቅ ይበል። እግሩ መሬት ይርገጥ፣ ሚዛኑን ይማር፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጉለት።

«ረጅም ነኝ። ቱቦውን እስከየት ላውጣው?»

ቱቦው ላይ ምልክት አለ። ዙሪያውን የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ናቸው፣ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጭምር። ያ መስመር ከቴላዮው ውጭ መታየት የለበትም። ከታየ አልፋችኋል።

ምልክቱ ከተፋቀ ወይም ቱቦው ተቆርጦ ከሆነ፣ የኔ መለኪያ ይህ ነው። የቱቦው ታችኛ ጫፍ፣ የቴላዮው አግዳሚ ብረት፣ ቱቦው ከሚገባበት ቋሚ ብረት ጋር ከተበየደበት ቦታ በደንብ ወርዶ ይቀመጥ። ያም ሆኖ ውስጥ የቀረው ከ7 ሴንቲ ያነሰ ከሆነ አትንዱበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቱቦው ሲረዝም እንደ ዲጂኖ ይሠራል። እናንተ ላይ ተቀምጣችሁ ጉድጓድ በመታችሁ ቁጥር ያ ዲጂኖ የቴላዮውን አፍ ይፈለቅቃል። ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ ቱቦው ይታጠፋል፣ ወይ ይሰበርና የቀረውን ስለታም ጫፍ ታገኙታላችሁ። የት እንደምታገኙት አልነግራችሁም።

አንድ ልጅ ከአንድ ሱቅ አሮጌ ብስክሌት ገዝቶ አመጣልኝ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ይሆናል። «አመቻችተውልኛል» አለ። ቱቦውን ነቀልኩት። ውስጥ የነበረው ሁለት ጣት ብቻ ነው! ለካ ሲሸጡለት ቁመቱን አይተው እስከመጨረሻው መዘዙለት። የቴላዮው አፍ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጀምሯል። ሌላ ረጅም ቱቦ ፈልገን ገጠምን፣ ስንጥቁ ግን ብየዳ ፈለገ። ረጅም ሰው ረጅም ቱቦ ይግዛ፤ ዋጋው ከጥርስ ሕክምና ይቀላል።

«አጥብቄው አጥብቄው፣ ገበያ እስክደርስ ይሰምጣል»

ፋሸታውን ይበልጥ ከማጥበቃችሁ በፊት ቱቦውን ንቀሉና ታችኛውን ክፍል ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ቁጥር ተመትቶበታል። 27.2፣ 26.8፣ 25.4፣ 30.9፣ 31.6… ውፍረቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። የቱቦ ውፍረት በአንዳንዶቹ በ0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያል፣ በዓይን አይታይም። 27.2 የሚፈልግ ቴላዮ ውስጥ 26.8 ከገባ፣ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ደህና ይመስላል፣ ከዚያ በየጉድጓዱ እየሰመጠ ይሄዳል። እናንተ ደግሞ ስታጠብቁት የፋሸታው ብሎን ያልቃል ወይም የቴላዮው አፍ ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

ዋናው መፍትሔ ልኩን መግዛት ነው። እስኪገኝ ድረስ የሰፈሩ ዘዴ አለ፣ ያዋጣልም። የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ትቆርጣላችሁ። ያቺ ላሜራ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ቱቦው ላይ አንድ ዙር ስትጠቀለል ውፍረቱን በ0.2 ታሳድገዋለች፣ በሁለቱም ጎን ስለምትቆጠር። አንድ ዙር፣ ግፋ ቢል ሁለት። ከላይ ትንሽ ጠርዝ አስቀሩና ወደ ውጭ እጠፉት፣ አለበለዚያ ላሜራው ራሱ ወደ ውስጥ ተንሸራቶ ይቀራል። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ እንዳትረሱ። ሦስት ዙር ከፈለገ ግን ተዉት፣ ቱቦው የሌላ ብስክሌት ነው።

ልኩ ትክክል ሆኖም የሚሰምጥ አለ። ያኔ ግራሶው በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ በጨርቅ ጥረጉትና በስሱ ብቻ ቀቡ። ወይም የፋሸታው ክፍተት ተገናኝቷል፣ ማለትም ሁለቱ ከንፈሮች ተነካክተዋል። ከዚያ በኋላ ብታጠብቁ ብሎኑን እንጂ ቱቦውን አታንቁም። አዲስ ፋሸታ ርካሽ ነው።

ምን ያህል ይጥበቅ? ብዙዎቹ ፋሸታዎች ላይ 5 ኒውተን ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ተጽፏል። መለኪያ ቁልፍ ያለው ሰው እኛ ጋ ብርቅ ነው። እኔ አጭሩን ቁልፍ በሦስት ጣት ይዤ «በቃኝ» እስኪል አጠብቃለሁ፣ ከዚያ ኮርቻውን በሁለት እጄ ይዤ ለመጠምዘዝ እሞክራለሁ። ካልዞረ በቃ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ የሚያጠብቅ ሰው አይቻለሁ። የጭነት መኪና ጎማ መሰለው እንዴ?

«ቱቦው ተጣብቆ አልነቀል አለኝ»

ይህ የክረምት ስጦታ ነው። ዝናቡ በፋሸታው ክፍተት ይገባል፣ ውስጥ ይቀመጣል። ቱቦው አሉሚኒየም፣ ቴላዮው ብረት ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ውስጥ ተነካክተው ይበላሉ፣ ከመበላታቸው የሚወጣው ዝቃጭ ያብጥና ይይዛቸዋል።

ፋሸታውን ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ አውጡት። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ዙሪያውን ጨምሩበት። ብስክሌቱን ገልብጡና ከታች በኩል ቀዳዳ ካለ በዚያም ጨምሩ። ይደር። በማግሥቱ አሮጌ ኮርቻ ገጥማችሁ ግራና ቀኝ ለመጠምዘዝ ሞክሩ፣ ወደ ላይ አትጎትቱ። መጀመሪያ መዞር ነው ያለበት፣ መውጣት በኋላ ይመጣል። እምቢ ካለ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ይደር። ሦስት አራት ቀን የፈጀብኝ አለ።

ካልሆነ ሞርሳ ያለው ብረት ሠራተኛ ጋ ውሰዱት። ቱቦውን በሞርሳ ይነክስና ቴላዮውን ሙሉውን እንደ መዘውር ያዞረዋል። ቱቦው ይበላሻል፣ ቴላዮው ይተርፋል። እሳት አታስነኩት፤ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ይበልጥ ስለሚያብጥ፣ ቱቦው አሉሚኒየም ከሆነ ጭራሽ ይብስበታል። ብርድ ነው የሚያዋጣው ብዬ አንዴ በኅዳር ውርጭ ውጭ አሳድሬዋለሁ። ጠዋት ላይ በረዶ ለብሶ ጠበቀኝ፣ ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቶቼ እስካሁን ይስቁብኛል።

ይህ እንዳይመጣ በዓመት ሁለቴ፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሳይጠና እና መስከረም ላይ ሲያባራ፣ ቱቦውን ንቀሉ፣ ጥረጉ፣ በስሱ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱ። ካርቦን የሆነ ቱቦ ወይም ቴላዮ ካላችሁ ግን ግራሶ አይነካውም፣ ለሱ የተሠራ ልዩ ቅባት አለ።

«ማዘንበሉ ምን ያህል ይሁን?»

ዜሮ። ከዜሮ ጀምሩ። ማለትም ኮርቻው እንደ ጠረጴዛ ልክ ይሁን።

መጀመሪያ ወለሉን ለኩ። የኛ ግቢ ሁሉ ዘመም ያለ ነው፣ ዘመም ያለ መሬት ላይ የለካችሁት ኮርቻ ዋጋ የለውም። ውኃ ልኩን መሬት ላይ አስቀምጡ፣ አረፋው መሃል የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉና ብስክሌቱን እዚያ አቁሙ። ሁለቱም ጎማ እኩል ይነፋ። ኮርቻው መሃሉ ጎድጓዳ ስለሆነ ውኃ ልኩን በቀጥታ አትጣሉበት፤ ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ከጭራው እስከ አፍንጫው አጋድሙና ከላዩ ላይ ውኃ ልኩን። ውኃ ልክ ከሌላችሁ ስልካችሁ ውስጥ አለ፣ ብዙዎቹ ስልኮች ዲግሪ ያነባሉ።

በዚያ ንዱበትና ሰውነታችሁን ስሙት። ፊት ለፊት ለስላሳው ቦታ ላይ ከተጫናችሁ ወይም ከደነዘዛችሁ አፍንጫውን በ1 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ። ኮርቻ ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ስለዚህ 1 ዲግሪ ማለት አፍንጫው ከጭራው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቱ ነው። ትንሽ ነው አይደል? ግን ሰውነት ያውቀዋል። አሁንም ካልተሻላችሁ ሌላ 1 ዲግሪ። ከ3 ዲግሪ ካለፋችሁ ሌላ በሽታ ትጠራላችሁ። ወደ ፊት ትንሸራተታላችሁ፣ ላለመንሸራተት መሪውን በእጃችሁ ትገፋላችሁ፣ መዳፍና ትከሻ ያማችኋል፣ ከዚያ «መሪው ነው» ትላላችሁ። መሪው ምን አደረገ!

አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ ኮርቻ የሚመቸው ሰው በጣም ጥቂት ነው። መደንዘዝ ካለ ቀልድ አይደለም፣ በዚያ በኩል የሚያልፈው ነርቭና የደም ሥር እየተጫነ ነው፤ ተነሡ፣ አስተካክሉ። ማዘንበሉን አስተካክላችሁም ድንዛዜው ካልለቀቃችሁ ሐኪም ይየው። ተወዳዳሪዎች ወደ ፊት በጣም ስለሚያጎነብሱ አፍንጫውን ከኛ በላይ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 9 ዲግሪ ይፈቅድላቸዋል። እኛ ግን ወደ ሥራ ነው የምንሄደው።

«አስተካክዬው በመንገድ ላይ አፍንጫው ይነሣል»

ኮርቻው ሥር ያለውን መያዣ ተመልከቱ። በተለመዱት ብስክሌቶች ግራና ቀኝ ዳዶ አለው፣ ብዙ ጊዜ ባለ 13 ቁልፍ የሚፈታ። ውስጡ ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች አሉ፣ እርስ በርስ የሚነካከሱ። ማዘንበሉን የሚይዙት እነዚያ ጥርሶች ናቸው።

ሰው የሚሳሳተው ዳዶውን ሳያላላ ኮርቻውን በጡጫ መትቶ ማስተካከሉ ነው። ጥርሱ ይላጫል። አንዴ ከተላጨ ምንም ብታጠብቁ አይዝም፣ መያዣውን መቀየር ብቻ ነው። ሁለቱንም ዳዶ በደንብ አላሉ፣ ጥርሶቹ ሲለያዩ ኮርቻው በቀላሉ ይንቀሳቀሳል፣ የምትፈልጉት ቦታ ላይ ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም አጥብቁ። አንዱን ሙሉ አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ግራ ትንሽ፣ ቀኝ ትንሽ፣ እያፈራረቃችሁ።

ብሎኑ አንድ ብቻ ሆኖ ከታች የሚገባም አለ፣ ቀላል ነው። ከፊትና ከኋላ ሁለት ብሎን ያለው ደግሞ ለማስተካከል ከሁሉ የተሻለው ነው። አፍንጫው ዝቅ እንዲል የኋላውን አላልቶ የፊቱን ማጥበቅ፣ ቀና እንዲል በግልባጩ።

ስትነዱ ሲጢጥ የሚል ድምፅም ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፈትታችሁ አጽዱና የኮርቻው ሁለት ዘንጎች የሚነከሱበት ቦታ ላይ ጠብታ ግራሶ አድርጉ።

«ወደ ፊት ልግፋው ወደ ኋላ?»

ለዚህ ደግሞ የግንበኛ ቱምቢ ያስፈልጋል። ክር ላይ ዳዶ አንጠልጥላችሁም ይሆናል። ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ሁለቱ የፔዳል ክንዶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጠፍጣፋ ይሁኑ። ክሩን ከፊተኛው እግር ከጉልበት ሎሚ ፊት ላይ ልቀቁት። ቱምቢው የፔዳሉ ዘንግ ላይ ወይም አጠገቡ ከወደቀ መነሻችሁ ደህና ነው። በጣም ወደ ፊት ካለፈ ኮርቻውን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ከቀረ ወደ ፊት።

ኮርቻውን በምንም ምክንያት መሪው ስለራቃችሁ ብቻ ወደ ፊት አትሳቡት። ያ የመሪ ጉዳይ ነው። ደግሞ ኮርቻው አንድ ሴንቲ ወደ ኋላ ሲሄድ ከፔዳሉም ይርቃል፣ ስለዚህ በሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ዘንጎቹ ላይ ያለውን ምልክት አትለፉ፤ የታጠፈው ጫፍ ላይ ከተነከሰ ይሰበራል።

«ጉልበቴን ያመኛል»

ከፊት ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ፊት በዝቷል። ከኋላ፣ ከጉልበት እጥፋት ከሆነ ከፍ ብሏል። 5 ሚሊ ሜትር ቀይራችሁ አንድ ሳምንት ንዱ። ካልተሻላችሁ የብስክሌት ጉዳይ ላይሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

«ጋሼ፣ አጎዛ ባለብሰውስ?»

የመንዝ በግ ባለበት አገር ይህ ጥያቄ ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ። ይቻላል። እንዲያውም በውርጭ ጠዋት ከቀዝቃዛ ፕላስቲክ ላይ ከመቀመጥ ነፍስ ነው። ግን ሁለት ነገር እወቁ። አጎዛው ከፍታ ይጨምራል፤ ፀጉሩ ያልተጨፈለቀ ከሆነ ከአንድ ሴንቲ በላይ። ስለዚህ ካለበሳችሁ በኋላ በተረከዝ እንደገና ለኩ። ከወራት በኋላ ፀጉሩ ሲተኛ ደግሞ ዝቅ ይላል፣ ያኔም ለኩ። ሁለተኛ፣ ከታች በደንብ ይታሰር። የሚንሸራተት አጎዛ ጭን ይልጣል። ዝናብ የመታው አጎዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፣ እኔው ነበርኩ።

«ጣርማበርን ስወርድ ኮርቻውን ዝቅ ላድርግ?»

ከጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት እስኪደረስ፣ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ እስከሆነ ቦታ ነው የሚወረደው። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ሦስት አራት ሴንቲ ዝቅ ማድረግ ጥሩ ሐሳብ ነው። ክብደታችሁ ወደ ኋላና ወደ ታች ይሄዳል፣ ፍሬን ስትይዙ በመሪው ላይ አትገለበጡም። የጣርማበር መንገድ ዋሻ ሳይደርስ ቁሙ፣ መብራታችሁን አብሩ፣ ፍሬናችሁን ፈትሹ፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ። በእጅ የሚከፈት ፋሸታ ካላችሁ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ስትዘጉት እጀታው መዳፋችሁ ላይ ምልክት እስኪተው ድረስ ከብዶ ይዘጋ። ማዘንበሉን ግን አትንኩ።

ሸዋ ሮቢት ሜዳው ላይ ስትደርሱ መልሳችሁ ከፍ አድርጉ። ያኔ «ስንት ነበር?» እንዳትሉ ቱቦው ላይ፣ ፋሸታው አናት ጋ፣ ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ። በብረት አትጫሩት፣ ጭረት የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። ፕላስተር ዙሪያውን ማሰር ይበቃል። እኔ የባለቤቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ነው የምጠቀመው፣ ዝናብም ግራሶም አያስለቅቀውም። ጠርሙሱ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ እስካሁን አልተጠየቅሁም።